ጣጣው ያለው ታህቱ ላይ ነው



ልጅዎ 11ኛ ክፍል ከደረሰ ፓርሻል ፍራክሽን የሚሉት ትምህርት እቤትዎ ገብቷል ማለት ነው። ክፍልፋይ መደመር ዓመታት የፈጀበት ልጅ፣ አሁን የተደመረውን መልሰህ በትን ይባላል። «ለምን?» ቢል አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ1702 የሒሳብ ሊቃውንቱ ላይብኒዝና ዮሐን በርኑሊ ዘዴውን ይዘው የወጡት ለኢንተግራል ብለው ነው፤ እንደተቆለፈ እጅ የማይሰጠው ክፍልፋይ ሲበተን በሎጋሪዝም ይፈታል።

ላዕሉ 5ኤክስ − 1፣ ታህቱ (ኤክስ − 2)(ኤክስ + 1) ይሁን። ደብተሮች ላይ የማየው ሁለት እኩልታና ገጽ ሙሉ ስሌት ነው። እኔ አውራ ጣቴን (ኤክስ − 2) ላይ አሳርፌ፣ በቀረው ውስጥ ኤክስን 2 አደርገዋለሁ፤ 9 ለ3 ሲካፈል 3። ጣቴን ወደ (ኤክስ + 1) አዛውሬ ኤክስን −1 ሳደርገው ደግሞ −6 ለ−3፣ 2 ይወጣል። በቃ፦ 3/(ኤክስ − 2) + 2/(ኤክስ + 1)። ዘዴው የሚጠራው በእንግሊዛዊው የኤሌክትሪክ ሊቅ በኦሊቨር ሄቪሳይድ ስም ነው። አስማት የለበትም፤ ሁለቱን ወገን በ(ኤክስ − 2) አባዝተን ኤክስን 2 ስናደርግ ሌላኛው ክፍልፋይ ዜሮ ሆኖ ይጠፋል። (ታህቱ ውስጥ (ኤክስ − 2)² ካለ ግን ጣት ብቻውን አይበቃም።)

እንግዲህ ላዕሎቹን መፈለግ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ የክፍል ጊዜው ሁሉ እዚያ ላይ ለምን ያልቃል? እኔ የምከራከረው ለታህቱ ነው። የፈተና ወረቀት ብዙ ጊዜ ወደ ተባዢዎቹ ተፈርክሶ ያለቀ ታህት ያቀርባል፤ ከባዱ ሥራ ግን መፈርከሱ ነበር። ላይብኒዝ ራሱ የተሰናከለው እዚያው ላይ ነው። እንደ ኤክስ⁴ + 1 ያለው ታህት እውን ቁጥሮችን ብቻ ይዞ ወደ ሁለት ኳድራቲክ አይከፈልም ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1719 የዮሐን የወንድም ልጅ ኒኮላስ በርኑሊ መከፈሉን አሳየ። መንገዱን የ9ኛ ክፍል ተማሪም ይከተለዋል፦ 2ኤክስ² ይደምሩበት፣ መልሰው ይቀንሱት። (ኤክስ² + 1)² − 2ኤክስ² ይሆናል፤ የሁለት ካሬዎች ልዩነት! ከዚያ √2ን ይዞ ለሁለት ይሰነጠቃል።

ዛሬ ማታ ለልጅዎ ኤክስ⁴ + 4ን ይስጡት። እሱ ላይ √2 እንኳ አያስፈልግም።