ከአንደኛው በኋላ የሚገባው

ውድድር በተደረገ ቁጥር አንድ ልማድ አለን። አንደኛው ክሩን በጥሶ ሲገባ እናጨበጭባለን፤ ሁለተኛው ሲደርስ ግን ጀርባችንን ሰጥተን ወደ መኝታ ቤታችን መንገድ ጀምረናል። የፈተና ውጤት ሲወጣም እንዲሁ ነው፤ «አንደኛ ማን ወጣ?» ብለን ከጠየቅን በኋላ የሌላው ድካም አያሳስበንም። ይህ ልማድ ስሕተት ነው እላለሁ፤ ምስክሬም ፈረንሳዊው ሯጭ አላን ሚሙን ነው።

ሚሙን እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር በ1921 በአልጄሪያ ተወለደ። ለፈረንሳይ ዘምቶ በ1944 በኢጣልያ በካሲኖ ጦርነት ሲቆስል እግሩ ከመቆረጥ የዳነው ለጥቂት ነው። በዚያው እግር በ1948 በሎንዶን ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። በ1952 በሄልሲንኪ በ5,000ም በ10,000 ሜትርም እንደ ገና ሁለተኛ ሆነ። ሦስቱንም ጊዜ የቀደመው አንድ ሰው፥ የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ ነበር። በሄልሲንኪው 5,000 ሜትር የለያያቸው አንድ ሰኮንድ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ይህን ሰው ተሸናፊ ልንለው ነውን?

እርሱ ግን ሩጫውን አልተወም። በዓለም አቀፉ የአገር አቋራጭ ውድድር ከ1949 እስከ 1956 ድረስ አራት ጊዜ አሸነፈ። በ1956 በሜልቦርን፥ 36 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፥ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ የወርቅ ሜዳይ ተቀበለ። ከዚያም ወደ ዕረፍት አልሄደም፤ ቆሞ ዛቶፔክን ጠበቀ። ዛቶፔክ ስድስተኛ ሆኖ ሲገባ ተቃቀፉ። ያን ሁሉ ዓመት ያሠለጠነው ከፊቱ የሮጠው ሰው መሆኑን ሚሙን ያውቅ ነበርና።

«ያመሰገንኸው በመጨረሻ አንደኛ ስለ ወጣ ነው» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። በ1960 በሮማ የእኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን ባሸነፈበት ምሽት፥ ያለፈው ኦሎምፒክ ባለ ድል 34ኛ ሆኖ ገብቷል። ሚሙን በ39 ዓመቱ እንደማይቀድም እያሰበ ቢሆን እንኳ ሮጦ ጨረሰ። እኔ ከወርቁ ይልቅ ይህን አከብራለሁ።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ የተከበራችሁ መምህራንም፥ በሚመጣው ውድድር የመጨረሻው ሯጭ እስኪገባ ድረስ ከሜዳው አንነሣ።