የገበሬው ስምና መልክም ንብረቱ ነው

የገበሬ ማኅበር መሪ ስለ ማኅበሩ ንብረት ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚጠቅሰው መሬቱን፣ መጋዘኑንና የእህል ወፍጮውን ነው። የድንበር ክርክር ሲነሣ ቃለ ጉባኤ ይገለበጣል፤ ከመጋዘን አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ቢጎድል ንብረት ያዡ ይጠየቃል። ይሁን እንጂ ከየቀበሌው በየጊዜው እየወጣ የሚሄድ፣ በማንም መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሌላ ንብረት አለ። ይኸውም የገበሬው መልክና የአገሩ ስም ነው።

ነገሩ የተለመደ ነው። አንድ መኪና ከከተማ ይመጣል። የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም የንግድ ኩባንያ ሠራተኞች ይወርዱና ከማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ፎቶግራፍ ለማንሣት ይጠይቃሉ። ሊቀ መንበሩም እንግዳ ማክበር ልማዱ ነውና «እሺ» ይላል። ከተሰበሰቡት ሕፃናት መካከል ልብሱ የተቀደደው ወደ ፊት ይቀርባል፤ ጫማ ያደረገው ወደ ኋላ ይላል። ቡና ለቃሚዋ ቅርጫቷን ይዛ ፈገግ እንድትል ይነገራታል። መኪናው ከሄደ በኋላ ሥዕሉ በፌስቡክ፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ባሕር ተሻግሮ ይሠራጫል። በአንዱ ርዳታ ይለመንበታል፤ በሌላው ቡና ይሸጥበታል። ባለመልኳ ግን ሥዕሏ የት እንደ ደረሰና ከሥሩ ምን እንደ ተጻፈበት አታውቅም።

ይህን ማንሣት ማስታወቂያን ለመንቀፍ አይደለም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፣ ችግሩን ያላስታወቀ ርዳታ፣ ምርቱን ያላስተዋወቀም ገዥ አያገኝም። ጥያቄው የሚናገረው ማን ነው? የሚናገረውስ በማን ፈቃድ ነው? የሚለው ነው።

ለዚህ ያለፈው ታሪክ በቂ ትምህርት ይሰጣል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቢቢሲ ቴሌቪዥን በካሜራ ባለሙያው በመሐመድ አሚን የተቀረጸውንና ጋዜጠኛው ማይክል በርክ ያቀረበውን የኮረም ረሀብተኞች ሁኔታ ለዓለም አሳየ። በተከታዩ ወር የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰባስበው ዘፈን አወጡ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ትርኢት ተካሄደ። በተሰበሰበው ርዳታ የብዙ ወገኖች ሕይወት መትረፉ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ርዳታው ተበልቶ ካለቀ በኋላ ሥዕሉ ቀረ። ለብዙ ዓመታት በውጭ አገር የኢትዮጵያ ስም ሲነሣ ቀድሞ በሰው ዓይን የሚመጣው የሚያርሰው ገበሬ ሳይሆን እጁን የዘረጋው ረሀብተኛ ሆነ።

ይህን ስሕተት ራሳቸው የርዳታ ድርጅቶቹም ሳይረዱት አልቀሩም። የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1989 ስለሚያሠራጩት ሥዕልና መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ አሻሽለው አጸደቁት። ደንቡ የሰውን ክብር መጠበቅን፣ የሚቀረጹት ሰዎችም ጉዳዩን ተረድተው እንዲስማሙ ማድረግን ይጠይቃል። እንግዲህ ፈቃድ የሚጠይቅ የገበሬ ማኅበር አዲስ ነገር አላመጣም፤ እንግዶቹ ራሳቸው ቃል የገቡበትን ማስታወሱ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ስምን በአግባቡ መጠቀም ምን ያህል ኃይል እንዳለው የቡናው ጉዳይ አሳይቷል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የተባሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በአሜሪካ ማመልከቻ አቀረበ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ የተባለው ታላቅ ኩባንያም ቀደም ሲል ሲዳሞ የሚለው ስም ያለበትን የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በሰፊው እንደ ተነገረው፣ ከዚሁ ቡና አንድ ፓውንድ ማለት ግማሽ ኪሎ የማይሞላው በአሜሪካ እስከ 26 ዶላር ሲሸጥ፣ ለገበሬው ይደርስ የነበረው ከአንድ ዶላር ብዙም የራቀ አልነበረም።

በጥቅምት 1999 ዓ.ም. ኦክስፋም የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ዘመቻ ከፈተ። ከ90,000 የሚበልጡ ሰዎች ለኩባንያው በኢሜይል፣ በፋክስና በስልክ ድምፃቸውን አሰሙ፤ ክርክሩ ወደ ዩቲዩብ ተሻግሮ ኩባንያው ራሱ በዚያው መልስ እስከ መስጠት ደረሰ። በመጨረሻም በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ በሦስቱ ስሞች ላይ የኢትዮጵያን ባለቤትነት የሚያረጋግጥ የፈቃድ ስምምነት ፈረመ። አስተውሎ ለተመለከተው፣ በዚህ ዘመቻ ለልመና የተዘረጋ እጅ አልታየም። የታየው ባለንብረት ንብረቱን ሲጠይቅ ነው።

ይሁን እንጂ ይህም ድል ወሰን እንዳለው መታወቅ አለበት። ፈቃዱ የሚሰጠው ያለ ክፍያ ስለ ሆነ ስምምነቱ ብቻውን በገበሬው ኪስ ብር አያስገባም። ዓላማው ስሙ ታውቆና ተከብሮ ሻጩ በዋጋ ለመከራከር አቅም እንዲያገኝ ነው። ስሙ የሚከበረውም ከስሙ በስተጀርባ ያለው ቡና ሲያምር ነው። ቀዩን ከአረንጓዴው ቀላቅሎ የሚለቅም፣ ቡናውን በአልጋ ፈንታ በመሬት ላይ የሚያሰጣ ገበሬ የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ስም ያጎድፋል። ዛሬ በስልክ የሚሠራጭ ወሬ ፈጣን እንደ መሆኑ፣ በአንድ ጆንያ ላይ የተፈጸመ ማጭበርበር የወረዳውን ስም ለማጥፋት አይዘገይም።

አንዳንድ መሪዎች «እንቢ ካልን ርዳታው ይቀርብናል» ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። የውኃ ጉድጓድ የሚጠብቅ ቀበሌ ካሜራ የያዘውን እንግዳ ለማስቀየም አይደፍርም። ነገር ግን ፈቃድ መጠየቅ እንቢ ማለት አይደለም። «ሥዕሉ ለምን ይውላል? የት ይታያል? ከሥሩ ምን ይጻፋል? አንድ ቅጂ ለማኅበሩ ይደርሳልን?» ብሎ መጠየቅ ቅን ድርጅትን አያስቀይመውም። በዚህ የሚቆጣ ቢኖር ምን ይዞ ሊሄድ እንደ መጣ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ሕጉም ቢሆን ከገበሬው ጋር ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል፤ የሕዝባዊ ሥነ ሥርዓትን ሥዕል የመሳሰሉት በተከታዩ አንቀጽ ተለይተው ተመልክተዋል። ይህ መብት የከተማ ሰው ብቻ አይደለም። የምርት ስምን በሚመለከትም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ማኅበራት የወል ምልክት ለማስመዝገብ የሚችሉበትን መንገድ ከፍቷል፤ ማመልከቻውን የሚቀበለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

ከዚህም በላይ ዛሬ ማኅበሩ ሌላ ሰው እስኪናገርለት የሚጠብቅበት ምክንያት ጠቧል። በ1999 ዓ.ም. ስለ ቡና ገበሬው በውጭ አገር የተናገሩት በአብዛኛው ሌሎች ነበሩ። ዛሬ መረቡ በደረሰበት ቀበሌ ሁሉ ስማርት ስልክ የያዘ የገበሬ ልጅ አይታጣም። ማኅበሩ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ የራሱን ገጽ ከፍቶ ቀይ ቡና ሲለቀም፣ ሲታጠብና በአልጋ ላይ ሲሰጣ፣ ጤፉ ሲወቃና ሲመዘን፣ ገበሬው በገዛ አንደበቱ ሲናገር ለማሳየት ይችላል። ገጹ ግን የአንድ ሰው መጫወቻ እንዳይሆን በጉባኤ የተመረጡ ወጣቶች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ቢይዙት፣ የይለፍ ቃሉም እንደ ማኅበሩ ማኅተም በጸሐፊው ዘንድ ተጽፎ ቢቀመጥ ይበጃል። የሌለ ምርት አለ ማለትና በማኅበሩ ስም ቀብድ መሰብሰብ በጥብቅ ሊከለከል ይገባዋል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያቸው ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ይዘው ሊወያዩበት ይገባል። ለፎቶግራፍና ለቪዲዮ ፈቃድ አንድ መዝገብ ይከፈት፤ የመጣው ድርጅት ስም፣ የቀረጸው ነገርና የገባው ቃል ይመዝገብበት፤ የሚቀረጸው ሰው ራሱ፣ ሕፃን ከሆነም ወላጁ፣ ይጠየቅ። ይህን ለማድረግ አንድ ደብተርና አንድ ብዕር ይበቃል።

መሬቱን ለድንበር ገፊ የማያስነካ ገበሬ መልኩንና ስሙን ለመንገደኛ ሁሉ የሚለቅበት ምክንያት የለም። ገበሬው ለዓለም መታየቱ አይቀርም፤ የሚታየው ግን እርሱ በፈቀደው መንገድና ከነሙሉ ክብሩ መሆን አለበት።