የካርቱም ሙቀትና የጋራ ቅዝቃዜ

ከጎጃም ምድር የሚነሣው ጥቁር ዓባይ ረጅም ጉዞውን ተጉዞ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው በካርቱም ነው። ይህች በሁለት ታላላቅ ወንዞች መጋጠሚያ የተቆረቆረች ከተማ፣ ውሃ ሞልቶ ተርፏት ሳለ በሙቀት ትሠቃያለች። በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል።

ነዋሪው ይህን ሙቀት የሚከላከለው እንደ አቅሙ ነው። ባለጸጋው በየክፍሉ የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ ያስገባል፤ ድኻው ግን ጥላ ፍለጋ ይንከራተታል። ይሁን እንጂ የአየር ማቀዝቀዣ ሙቀትን ከቤት አውጥቶ ወደ ደጅ ይጥለዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ የአንዱ ቤት በቀዘቀዘ መጠን የጎረቤቱ ደጅ የባሰ ይግላል። እያንዳንዱ ለየራሱ መቀዝቀዙ ለከተማይቱ መፍትሔ አይሆንም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሙቀትን ከአንድ ሥፍራ ወደ ሌላ ሥፍራ የሚያሸጋግር መሣሪያ የሙቀት ፓምፕ ይባላል። የስቶክሆልም ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ በትላልቅ የሙቀት ፓምፖች አማካይነት ከባሕር ውሃ ሙቀት እየሳበች በቧንቧ ለቤቶች ታከፋፍላለች። ፓሪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሴን ወንዝ ውሃም እየተጠቀመች ብዙ ሕንጻዎችን በጋራ ታቀዘቅዛለች። የሁለቱ አሠራር መሠረቱ አንድ ሲሆን፣ የሚለየው የሙቀቱ አቅጣጫ ብቻ ነው። በካርቱምም ከሕንጻዎች የተሰበሰበው ሙቀት በጋለው አየር ላይ ከሚጣል ወደ ወንዙ ቢሸጋገር ይመረጣል። በግንቦት ቀትር ውሃው ከአየሩ ይልቅ ቀዝቃዛ በመሆኑ፣ ያው ቅዝቃዜ ባነሰ የኤሌክትሪክ ኃይል ይገኛልና።

አንዳንዶች፣ «እ.ኤ.አ. በ2023 የተነሣው ጦርነት ላፈረሳት ከተማ ይህ ቅንጦት ነው» ይሉ ይሆናል። በእርግጥ የመብራትና የንጹሕ ውሃ ጉዳይ መቅደም አለበት። ነገር ግን የፈረሰው መንገድ ሲጠገን ቧንቧውን አብሮ መቅበር፣ ሥራው ካለቀ በኋላ እንደገና ከመቆፈር ይረክሳል። ጅምሩም በወንዙ አቅራቢያ ካሉ ሆስፒታሎች ቢሆን፣ በሙቀት የሚዳከም ሕመምተኛ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠቀማል። በክረምት ጥቁር ዓባይ ከደጋው አጥቦ የሚያመጣውን ደለል ማጣራትና የሚመለሰው ውሃ ዓሦችን እንዳይጎዳ መጠንቀቅ ግን የግድ ነው።

ሱዳናውያን «ዚር» የተባለውን የሸክላ ጋን ውሃ ሞልተው በየደጃፉ ለመንገደኛ ያኖራሉ። በሸክላው ሰርጎ የሚወጣው ውሃ ሲተን የቀረውን ያቀዘቅዘዋል፤ አላፊ አግዳሚውም ጠጥቶ ጥሙን ይቆርጣል። እንግዲህ ቅዝቃዜን ከሌላው ጋር መካፈል ለካርቱም እንግዳ ነገር አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ እንደሚሆን ሁሉ፣ ለአንድ ቤት የከበደው ለከተማ ይቀላል።