የበቆጂው መምህር እና እኛ የሬክስዴል ወላጆች



በምኖርበት በሬክስዴል፣ በቶሮንቶ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ስሙ የገነነው የሩጫ መም የፈረስ ነው። ዉድባይን ይሉታል። በዚያ መም የአሰልጣኝ ሥራ ግልጽ ነው፤ ፈረሱ ከቀናው ይሞገሳል፣ ካልቀናው ወደ ሌላ ባለቤት ይተላለፋል። በፈረስ ላይ ይህ አያስነቅፍም ይሆናል። የሚያሳስበኝ እኛ ወላጆች ይኸው ሚዛን ለልጆቻችንም እንዲያገለግል መፍቀዳችን ነው።

ከራሴ ልጀምር። ልጄ ሩጫ የጀመረችው በ11 ዓመቷ ሲሆን፣ በ14 ዓመቷ ተወችው። ትሠለጥንበት የነበረው ክለብ ሰዓቷ ለከፍተኛው ቡድን እንደማይበቃ ነገራት፤ ከዚያ በኋላ ስሟን የጠራ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ክለቡን ስወቅስ ኖርኩ። አንድ ቀን ግን «አባዬ፣ አንተም ከውድድር ስመለስ የምትጠይቀኝ ስንተኛ እንደወጣሁ ብቻ ነበር» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ጥሩ አሰልጣኝ ማለት ማን ነው? ይህን ጥያቄ ስናነሳ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ አእምሯችን ሊመጡ የሚገባቸው ሰው ስንታየሁ እሸቱ ይመስሉኛል። የአርሲዋ በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች አነስተኛ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ እና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡት ከእሷና ከአካባቢዋ ነው። አራቱ ብቻ እ.ኤ.አ. ከ1992ቱ ባርሴሎና እስከ 2012ቱ ለንደን ድረስ 9 የኦሊምፒክ ወርቅ አምጥተዋል። ስንታየሁ ደግሞ በዚያች ከተማ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ከአሰልጣኝነት በፊት መምህርነት ነበረ።

ብዙዎቻችን የበቆጂን ምሥጢር በከፍታና በደም እንቋጨዋለን። እርግጥ ነው፣ ተፈጥሮና ኑሮ ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ ታላላቅ የማራቶን ሯጮች አብዛኞቹ ከአርሲና ከሸዋ እንደመጡ፣ ብዙዎቹም በልጅነታቸው ረጅም መንገድ እየሮጡ ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደነበር አሳይቷል። ነገር ግን ደብረ ብርሃንም ከበቆጂ ያላነሰ ከፍታ አላት። የቦሊቪያዋ ሱክሬም እንደዚያው ናት፤ ቦሊቪያ ግን እስከ 2024ቱ የፓሪስ ውድድር ድረስ አንድም የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አላገኘችም። ተራራ ብቻውን ሯጭ አያወጣም፤ በየማለዳው ልጆቹን ሰብስቦ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገዋል።

የአሰልጣኝነት ታሪካችንም ይህንኑ ይመሰክራል። አበበ ቢቂላን ለሮም ያዘጋጁት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ሰው ነበሩ። ንጉሤ ሮባ አሰልጣኝ ከመሆናቸው በፊት በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ በአጭር ርቀት ሮጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፉት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ሃንጋሪ ተምረው የተመለሱ፣ በጥብቅ ሥርዓታቸው የታወቁ ባለሙያ ነበሩ። ከእናት ማሕፀን ይዘነው የወጣን የሚመስለን ሙያ ከልዩ ልዩ አገር የተቀሰመ፣ በሰው ጥረት የተላለፈ ትምህርት ነው። በትምህርት የመጣ ነገር ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ ይችላል።

የዚህ ትምህርት እምብርት ኅብረት ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ማይክል ክራውሊ ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ አብሮ ሮጦ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሯጮቹ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ጤናውን ከመጠበቅ አልፎ እንደማይለወጥ የሚያምኑ መሆናቸውን ይተርካል። በባሕር ዛፍ መካከል በአንድ መስመር ሲሮጡ ፊተኛው እርምጃ ይመጥናል፣ ኋለኛው ይከተላል፣ ነገ ተራው ይለወጣል። በእንዲህ ያለ ልምምድ ፈጣን ያልሆነውም ልጅ የሰልፉ አካል ነው። ከመቶው የማያሸንፉት ዘጠና ዘጠኙ በየማለዳው ባይመጡ፣ የሚያሸንፈው አንዱ ከማን ጋር ይሮጥ ነበር?

ይህን ስል በቆጂን ገነት ማድረጌ አይደለም። የጄሪ ሮትዌል የ2012 ዘጋቢ ፊልም «የሯጮች ከተማ» ሁለት ልጃገረዶችን ለዓመታት ይከተላል። ልጆቹ ከመምህራቸው ሜዳ ተመርጠው ወደ ክለቦች ሲሄዱ የጠበቁትን አላገኙም። እኔ ከፊልሙ የተማርኩት የተሰጥኦን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ልጅን የሚያውቅ አሰልጣኝና ውጤትን የሚጠብቅ ተቋም የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም ነው። ያ ልዩነት በአርሲም አለ፣ በቶሮንቶም አለ።

አንዳንድ ወላጆች «እኛ ሁለት ፈረቃ የምንሠራው ልጁ በሩጫ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል እንዲያገኝልን ነው» ይሉኛል። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ የትምህርት ክፍያ ምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ሆኖም ዕድሉ የሚደርሰው ለጥቂቶች ነው። ሩጫን ለዚያ ብቻ ካስተማርነው፣ የቀረው ልጅ ከስፖርቱ የሚያተርፈው እንደማይበቃ ሆኖ መቆጠርን ብቻ ይሆናል።

ሬክስዴል ከባሕር ጠለል በላይ 200 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የአርሲን ከፍታ ልናመጣ አንችልም። የመምህሩን ሥርዓት ግን መትከል እንችላለን። የሀምበር ወንዝ ዳር መንገድ የመግቢያ ክፍያ የለውም። በመካከላችን አገር ቤት የስፖርት መምህር የነበሩ፣ ዛሬ ታክሲ የሚነዱ ወይም መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። በሳምንት አንድ ማለዳ፣ ከሰዓት መለኪያ በፊት ስም መጥሪያ የያዘ አንድ ሰው፣ ፈጣኑም ዘገምተኛውም የሚገባበት አንድ ሰልፍ ብናቋቁም፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ መሄዱ አይቀርም።

ልጁን ክለብ የሚያስመዘግብ ወላጅ ደግሞ አሰልጣኙ ስንት አሸናፊ እንዳፈራ ከመጠየቁ በፊት «ልጄ ፈጣን ሆና ባትገኝስ ምን ታደርጉላታላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ዝምታ ከሆነ፣ ልጁን የወሰደው ወደ ዉድባይን መሆኑን ይወቅ። እኔ ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ ሌላው እንዳያልፈው ጻፍኩት።