የመስቀል ሰሞን ጉዞ ወደ ምዕራብ ሸዋ ተራሮች

የክረምቱ ጭጋግ ተገፎ፣ ጎርፉ ጎድሎ፣ ምድሪቱ በአደይ አበባ አጊጣ የምትታይበት ወቅት ላይ እንገኛለን። ደመራው ተደምሮ፣ ችቦው ተለኩሶ፣ ከአመዱም በግንባራችን ላይ የመስቀል ምልክት ካደረግን በኋላ በየቤታችን የሚሆነው ነገር ግን ዓመት ከዓመት የሚለዋወጥ አይደለም። በጉ ይታረዳል፤ ዘመድ ይጠራል፤ ቡናው ይፈላል፤ ልጆች ቴሌቪዥን ፊት ተሰድረው ይውላሉ። በሦስተኛው ቀን የበዓሉ ነገር አልፎ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል። አደይ አበባውም የሚታወሰው ከገበያ ተገዝቶ በመጣው አንድ እቅፍ ብቻ ይሆናል።

በዚህ የበዓል ገጽ ላይ ለአንባብያን ልናቀርብ የፈለግነው ሐሳብ አንድ ነው። ለበግና ለዶሮ እንደምንመክረው ሁሉ፣ አበባው ወደሚበቅልበት ምድር ቤተሰብን ይዞ ለመሄድም አስቀድመን ልንመክር ይገባናል። ለዚህም ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከሚቀርቡት ሥፍራዎች መካከል የአምቦ አካባቢና የወንጪና ደንዲ ተራሮች ቀዳሚ ሆነው ይታዩናል።

በመጀመሪያ ስለ ጊዜው እንመልከት። ከመስከረም 18 ቀን አንስቶ የነቢያት ጾም እስከሚገባበት እስከ ኅዳር 15 ቀን ዋዜማ ድረስ 57 ቀናት አሉ። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር በሁሉም ላይ የታወጀ ጾም የለም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የጽጌ ጾምም የፈቃድ ጾም ነው። ዝናቡ እያባራ ይሄዳል፤ ወንዞችና ፏፏቴዎች ግን ገና ሙሉ ናቸው። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ ለቤተሰብ ጉዞ ከዚህ የተሻለ ወቅት ማግኘት አዳጋች ነው።

ወቅቱ ለክርስቲያን ቤተሰብ ተጨማሪ ትርጉምም አለው። በወርኃ ጽጌ ቤተ ክርስቲያናችን እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን መከራ በማኅሌት ታስባለች። አበባውና ስደቱ በአንድ ወር ውስጥ አብረው መዘከራቸው እናቶቻችን በደንብ የሚያውቁት ነገር ነው። ጉዞም ለእኛ እንግዳ ልማድ አይደለም። አባቶቻችን ስንቃቸውን ቋጥረው፣ በበቅሎና በእግር ተጉዘው ገዳማትን ይሳለሙ ነበር። ዛሬም ሰንበት ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት አውቶቡስ ተከራይተው የሚያካሂዱት መንፈሳዊ ጉዞ የዚያው ልማድ ቅጥያ ነው። ለሽርሽር መሄድ የባዕድ ወግ ነው ለሚሉ ወገኖች መልሳችን ይኸው ነው፤ መንገድ መውጣት የቆየ ልማዳችን ሲሆን የጎደለን አስቦና አቅዶ፣ ከነልጆች መሄዱ ነው።

መንገዱ ራሱ መምህር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው ጎዳና ሆለታን አልፎ አዲስ ዓለም ያደርሳል። አዲስ ዓለም ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ አዲስ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው የቆረቆሯት ናት። የአዲስ አበባ ደን ተመናምኖ የማገዶ እንጨት በመጥፋቱ ከተማውን ለማዛወር ታስቦ ነበር። ኋላ ግን ባሕር ዛፍ እየተስፋፋ በመምጣቱ ሐሳቡ ተለወጠ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሥፍራም የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አንድ ሕዝብ በዛፍ እጦት ምክንያት ዋና ከተማውን ሊለውጥ እንደነበር ለልጆቻችን በቦታው ቆመን ብንነግራቸው፣ በመማሪያ ክፍል ከሚያነቡት ይልቅ አይረሱትም። ኅዳር 21 ቀን የሚውለው የጽዮን ማርያም በዓልም በዚያ በድምቀት የሚከበር ነው።

ከአዲስ ዓለም በኋላ ጊንጪ ትከተላለች። ከጊንጪ በስተሰሜን የጭልሞ ደን ይገኛል። ጽድና ዝግባ የቀሩበት ይህ የተፈጥሮ ደን፣ በዙሪያው የሚኖረው ገበሬ በማኅበር ተደራጅቶ እንዲጠብቀው በሀገራችን በቀደምትነት ከተሞከሩት ደኖች አንዱ ነው። የአዲስ ዓለምን ታሪክ የሰማ ልጅ ጭልሞን ሲያይ፣ የጠፋው ደን ምን ይመስል እንደነበር ሳይነገረው ይገነዘባል።

አምቦ ከአዲስ አበባ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ሲሆን በቀድሞ ዘመን ሀገረ ሕይወት በሚል ስም ትጠራ ነበር። ከምድር የሚፈልቀው ማዕድናዊ ውኃዋ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አንስቶ በጠርሙስ እየታሸገ በሀገሪቱ ሁሉ ሲጠጣ የኖረ ነው። ምንጩን ሳያዩ ውኃውን ብቻ የሚያውቁ ስንቶች ናቸው! የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የትውልድ መንደር ቦዳም ከዚሁ ከአምቦ አካባቢ ናት። በልጅነቱ ቅኔ የተማረው ይህ ባለቅኔ ከየትኛው መልክዓ ምድር እንደበቀለ ማየት ለወጣቶቻችን ቁም ነገር አለው። ከአምቦ በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደተጓዙ የጉደር ከተማና ፏፏቴው ይገኛሉ። ፏፏቴው ግርማውን የሚያሳየው በዚሁ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ በበጋ የሄደ ሰው ሌላ ቦታ የሄደ ይመስለዋል።

ከአምቦ በስተደቡብ መሬቱ ሽቅብ ይወጣል። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አምቦንና ወሊሶን በሚያገናኘው መንገድ ላይ፣ ወንጪ ይገኛል። ከረጅም ዘመን በፊት እሳተ ገሞራ የነበረው ተራራ ዛሬ በጉያው ሐይቅ ታቅፎ ይኖራል። የተራራው ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ቁልቁል ሲመለከቱት ሐይቁ፣ ደሴቱ፣ የእንሰቱ ጓሮና ጭስ የሚወጣባቸው ጎጆዎች አብረው ይታያሉ። ከወንጪ በስተምሥራቅ ያለው የደንዲ ተራራም እንዲሁ ሁለት የተያያዙ ሐይቆችን በመካከሉ የያዘ ነው። ወንጪ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን ደንዲ ገና ጸጥታውን እንደጠበቀ ያለ ነው።

ወንጪ ከዛሬ ጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረችበት ሁኔታ በእጅጉ ተለውጣለች። በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ታቅፋ፣ ዘመናዊ የእንግዳ ማረፊያዋ በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከ32 ሀገሮች ከመረጣቸው 44 ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ለመሆን በቅታለች። ይህ ሁሉ የሚያስደስት ነው። ይሁንና እንግዳ በበዛ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ይህ ውበት የማን ሆኖ ይቀጥላል? እኛ ጎብኚዎችስ በዚህ ውስጥ ድርሻችን ምንድን ነው?

በወንጪ የአካባቢው ተወላጆች ፈረስ በማከራየት፣ ጀልባ በመቅዘፍና መንገድ በመምራት እንግዳን ሲያገለግሉ ብዙ ዓመታት አሳልፈዋል። ለእነርሱ የእኛ ጉዞ የልጅ ደብተርና የቤት ቀለብ ነው። ከከተማ ምሳውን፣ ውኃውንና ለስላሳ መጠጡን በመኪና ጭኖ ሄዶ፣ ከተራራው ጫፍ ላይ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚመለስ ቤተሰብ ለመንደሩ የሚተወው አቧራና ቆሻሻ ብቻ ነው። ፈረሱን ተከራይቶ የወረደ፣ በጀልባው የተሻገረ፣ ማሩንና ቆጮውን ከባለቤቶቹ እጅ የገዛ ግን ሐይቁን ለሚጠብቁት ሰዎች የመጠበቂያ ምክንያት ሰጥቷል። ከፈረስ አከራዩ ጋር ስለ ዋጋ መነጋገር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በከተማ ለአንድ ስኒ ማኪያቶ ያለ ክርክር የምንከፍል ሰዎች፣ ሽቅብና ቁልቁል ስለሚደክም ሰው ዋጋ ጊዜ ሙሉ መጨቃጨቃችን የሚያስተዛዝብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጥ እኛን የሚመለከት ነው። በሐይቁ ደሴት ላይ የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በጉዞ መጻሕፍትና በማስታወቂያዎች ላይ ይህ ቅዱስ ሥፍራ ከፏፏቴውና ከፍል ውኃው ጋር በአንድ መስመር የሚዘረዘር የመስሕብ ዓይነት ሆኖ ይቀርባል። ባዕድ ቢያጠፋ አያውቅም ይባላል። እኛ ግን የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱን የቅድስት ኢየሉጣን ገድል እየሰማን ያደግን፣ ሐምሌ 19 እና ጥር 15 ሲደርስ የምናከብር ሰዎች ነን። ወደ ደሴቱ ስንሻገር ጀልባው ላይ ሙዚቃ ማስጮህ፣ በቅጥሩ ውስጥ ጫማ አድርጎ መዞር፣ አባቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባንም። ነጠላውን ለብሶ፣ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዞ መሄድ የጥንት ሥርዓት ነው። የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ በእነዚህ በጥቃቅን በሚመስሉ ነገሮች እጥረት ይቸገራሉ። ከከተማ የሚሄድ ቤተሰብ ለምሳው ከሚያወጣው ጥቂቱን ለዚህ ቢያውል፣ ልጆቹም መስጠትን በእጃቸው ይማራሉ።

ሦስተኛው ስለ ንጽሕና ነው። በተለምዶ ሃይላንድ እያልን የምንጠራው የውኃ ፕላስቲክ ዛሬ የማይደርስበት ተራራ የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ከደንዲ ሐይቅ የሚወጣው ውኃ ሁሉቃ ወንዝ ሆኖ ወደ አምቦ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ጉደር፣ ከጉደርም ወደ ዓባይ ይገባል። በደንዲ ዳርቻ የጣልነው ነገር በተራራው ላይ አይቀርም ማለት ነው፤ በታች ልብስ ወደሚያጥቡት እናቶችና ከብት ወደሚያጠጡት ሕፃናት ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ሄዶ የራሱን ቆሻሻ ጠቅልሎ መመለስ ይኖርበታል።

አንዳንድ አንባብያን ኑሮ በተወደደበት ዘመን ስለ ጉዞ ማውራት ቅንጦት ነው ሊሉን ይችላሉ። የኑሮውን ክብደት አንክድም። ነገር ግን ጉዞ የግድ የግል መኪናና የቅንጦት ማረፊያ አይጠይቅም። የጽዋ ማኅበር ያላቸው ቤተሰቦች በየወሩ ጥቂት ጥቂት ቢያዋጡ፣ ለመስቀል ሰሞን አንድ ሚኒባስ በጋራ መከራየት አይሳናቸውም። ሦስት ጎረቤታሞች አንድ በግ ተካፍለው የተረፈውን ለጉዞው ማዋል ይችላሉ። አምቦ ደርሶ መመለስ በአንድ ቀን የሚቻል ሲሆን፣ ወንጪን ለመጨመር ግን አምቦ ወይም ወሊሶ ማደሩ ይመረጣል።

ለዝግጅቱም ጥቂት ምክር እንሰንዝር። ተራራው ላይ ብርዱ ብርቱ ነው፤ ጋቢና ሹራብ አይረሳ። መንገዱ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ለሕፃናት ጠንካራ ጫማ ይያዝ። ከፍታው የልብና የደም ግፊት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን ሊያደክም ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይበጃል። ቁልቁል መውረድ ለማይችሉ አያቶች ከላይ ሆኖ ሐይቁን ማየቱ ብቻ በቂ ነው፤ አያትን እቤት ትቶ የሚሄድ ቤተሰብ ግን የጉዞውን ግማሽ ጥቅም ትቶታል። ምክንያቱም የእርሻውን፣ የአዝመራውንና የዛፉን ስም ለልጅ ልጅ የሚነግሩት እነርሱ ናቸው። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው የጸጥታ መደፍረስ እንደነበረ ይታወቃል። ስለሆነም ከመነሣት በፊት በአካባቢው ያለ ዘመድን ወይም የሚያርፉበትን ቤት ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ፣ ጉዞንም በቀን ማድረግ አስተዋይነት ነው። መንገዱ ካልተመቸም ሳምንት ጠብቆ መሄድ ይቻላል፤ 57 ቀናት አሉን ብለናልና።

በመጨረሻም የምንሄድበት ሀገር ባለቤት እንዳለው አንርሳ። በዚሁ ሰሞን የኦሮሞ ሕዝብ ክረምቱን ላሻገረው ፈጣሪ ምስጋናውን በኢሬቻ የሚያቀርብበት ወቅት ነው። አበባውን ስንመለከት ያመሰገንነው እኛ ብቻ አለመሆናችንን ልጆቻችን ይወቁ። ከመነሣታቸው በፊት «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠትን፣ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገንን እናስተምራቸው። በገጠር እንግዳን የሚያስከብረው የኪሱ ክብደት አይደለም፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ መስጠቱ ነው። እንዲህ ያለው እንግዳ ቡና ሳይጠጣ አይሸኝም።

የዘንድሮ የመስቀል ችቦ እንደጠፋ፣ በየቤቱ የቀን መቁጠሪያው ይውረድና አንድ ቅዳሜና እሑድ ይመረጥ። አባት መኪናውን፣ እናት ስንቁን፣ ልጆች የቆሻሻ ማዳበሪያውን ይረከቡ። በዓሉ የሰላም፣ ጉዞውም የበረከት ይሁንልን። አሜን።