«እስማማለሁ» የምትለዋ ቁልፍ

ጎበዝ፣ እስቲ እንተማመን፤ «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የምትለዋን ስንጫን ከመካከላችን ያነበበ አለ? እኛ የለንበትም። ለኢሜይል ከሆነ ይሁን፤ የጤና ጥናት ላይ ግን የምንሰጠው ደማችንንና የሕክምና መዝገባችንን ነው።

አሜሪካ ውስጥ «ኦል ኦፍ አስ» የተባለው ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ለመላ አገሪቱ ሲከፈት ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ሰው ሊመዘግብ አቅዶ ነበር። የስምምነት ቅጹን በአጭር በአጭሩ ከፋፍሎ፣ በሥዕልና በቪዲዮ አስደግፎ፣ ገብቶን እንደሆነ በጥያቄ እየፈተነ ነበር የሚያስኬደው። ወደድነው። ቋንቋው ግን እንግሊዝኛና ስፓኒሽ። ታዲያ ዋሽንግተን ያሉት እማማ ምን ያድርጉ? ልጃቸው ትጫንላቸው? ያ የልጅቷ ስምምነት እንጂ የእሳቸው አይደለም። የዲሲ መስተዳድር እኮ በ2004ቱ የቋንቋ ሕጉ ሰነድ በአማርኛ ይተረጉማል፤ «አይቻልም» አይሠራም።

ለእኛ ምቹ ድረ ገጽ ማለት የቀለም ጉዳይ አይደለም። በቀላል አማርኛ ተጽፎ፣ በትንሽ ስልክና በደካማ ኔትወርክ የሚከፈት ነው። ከሁሉም በላይ «ይቅርብኝ» የምትለዋ ቁልፍ ከ«እስማማለሁ» እኩል ጎልታ ትታይ። በፈለጉ ጊዜ ከጥናት የመውጣት መብት ከ1964ቱ የሄልሲንኪ መግለጫ ጀምሮ የታወቀ ነው። መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው የማይታይ ነገር በእኛ ሰፈር ወጥመድ ይባላል።