ከማሽኑ በፊት ነርሷ

የኩላሊት እጥበት በቤት ይደረግ ሲባል ወሬው ሁሉ ስለ ማሽን ነው። የድሬዳዋ ሰው ግን ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ይመልከት፤ የጋገረው ነጭ ነገር የውኃችን ኖራ ነው። በማሽን የሚደረግ የአራት ሰዓት እጥበት ደግሞ 120 ሊትር ያህል የተጣራ ውኃ ይፈልጋል። ለእኛ የሚቀርበን ያለ ማሽንና ያለ መብራት፣ በከረጢት ፈሳሽ በሆድ በኩል የሚደረገው ነው፤ ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ያስቀደመችው።

ይህ የሚቆመው በነርስ ነው። እጅ አስታጥባ፣ የቱቦ አያያዝ አሳይታ፣ «ፈሳሹ ደፍርሶ ቢወጣስ?» እያለች ደጋግማ ትፈትናለች፤ ኢንፌክሽኑ ይገድላልና። ቤቱንም ሄዳ ብታይ ይመረጣል፤ የድሬ አቧራ በር አያንኳኳም።

እንደ ሕግ ሰው የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እርሷ «ይህ ታካሚ ገና ነው» ብትል ማን ይሰማታል? አልጋ ለማስለቀቅ የቸኮለ አለቃ ቃሏን እንዳይሽር ሥልጣኗ በመመሪያ ይጻፍ።